መስቀል የለ፣ ኦርጋን የለ፣ ሞንታርቦ የለ፦ የጀርመንታውን ሜኖናይት ቤት ደርሼ መጣሁ

የናዝሬቱ_ልጅ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ፊላደልፊያ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሥራዬ ዕቃ ማድረስ ስለሆነ ጀርመንታውን አቬኑን ከነጉድጓዱ አውቀዋለሁ። መንገዱ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ ትራሙ ቀርቶ ሐዲዱ ብቻ መሀል ላይ ተጋድሟል። እዚያ ላይ ስትነዳ ከመኪናው ይልቅ ጥርስህ ነው የሚንኳኳው። በዚያ መንገድ ዳር ከግንብ አጥር ጀርባ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤት አለች። ስንት ዓመት ሙሉ ሳልፍ የአንድ ሽማግሌ መኖሪያ ትመስለኝ ነበር። ደወል የላት፣ ጉልላት የላት፣ መስቀል የላት።

ባለፈው ወር ጎረቤት እሽግ ላደርስ ቆሜ ነው ሰሌዳውን ያነበብኩት። የሜኖናይት መሰብሰቢያ ቤት፣ እ.ኤ.አ. 1770። በቁሜ ቀረሁ። እኔ ናዝሬት የተወለድኩ፣ መሠረተ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት በብስኩት እየተደለልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። «ሜኖናይት ሚሽን» ሲባል ከመስማት በቀር ሜኖናይት ማለት ምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። የእርዳታ ድርጅት ስም ነበር የሚመስለኝ፤ ለካስ የክርስትና ወገን ስም ነው።

ቀጠሮ ይዤ ቅዳሜ ተመለስኩ። ገብቼ መጀመሪያ በዓይኔ የፈለግሁት መድረኩን ነው። ልማድ ነዋ! ያየሁት አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳና መስኮት ብቻ ነው። ሥዕል የለም። ከመንገድ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ አርፏል፣ በቃ።

ያስጎበኙኝ ሰው እንደነገሩኝ፣ ከጀርመኑ ክሬፌልድ የመጡ 13 ቤተሰቦች ሰፈሩን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1683 ነው። አብዛኞቹ ኩዌከር (ሌላ የክርስትና ወገን) ሆነው ነበር፤ ዘራቸው ግን ከሜኖናይት። የመጀመሪያው ሜኖናይት ሰባኪ ዊልያም ሪተንሃውስ ወረቀት ሠሪ ነበር። በ1690 የተቋቋመው ፋብሪካው በእንግሊዝ የአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያው የወረቀት ፋብሪካ ነው። ሰባኪ ደመወዝ የለውም፤ ሳምንቱን ጨርቅ እየቀጠቀጠ ወረቀት ይሠራል፣ እሁድ ይሰብካል። በ1708 የግንድ ቤት ሠሩ፤ በ1770 ያ ፈርሶ ይህ የድንጋዩ ተተካ።

አንድ ጠረጴዛም አሳዩኝ፣ ተራ የእንጨት ጠረጴዛ። በ1688 አራት የጀርመንታውን ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ የፈረሙበት እንደሆነ ይነገራል። ከፈራሚዎቹ ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ኦፕ ደን ግራፎቹ፣ የሜኖናይት ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ክርክራቸው ምን ያህል አጭር መሰላችሁ፦ እናንተ ብትሆኑ እንዲህ እንዲደረግባችሁ ትፈልጋላችሁ ወይ? ጽሑፉ ከአንዱ የኩዌከር ጉባኤ ወደ ሌላው «ይህ ለእኛ ከብዶናል» እየተባለ ተላልፎ ተቀበረ። በፔንሲልቬኒያ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር ሕግ የወጣው በ1780 ነው። ጠረጴዛው ላይ እጄን ላሳርፍ ስል «ባይነኩት» አሉኝ፤ ሰበሰብኩ።

ሰውዬው ፍላጎቴን አይተው «ቤቱን አየህ፤ አምልኮውን ለማየት ግን ላንካስተር መሄድ አለብህ» አሉ። በተከታዩ እሁድ በራሳቸው መኪና ወሰዱኝ። በሠረገላ የሚሄዱት ሜኖናይቶች ጋ።

ይሄን ልዘርዝረው። ግቢው ውስጥ ጥቁር ሠረገላ በጥቁር ሠረገላ ላይ ነው። ፈረሶቹ እንደ ሰው ተሰልፈው ታስረዋል። ወንዶች በአንድ በር፣ ሴቶች በሌላ በር ይገባሉ። ከአግዳሚዎቹ በላይ መስቀያ አለ፤ ወንዶቹ ጥቁር ባርኔጣቸውን ሰቅለው ይቀመጣሉ። ሰባኪዎቹ በረዥም አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ሆነው ወደ ሕዝቡ ዞረዋል፤ ፊታቸው ገበታ ብቻ አለ። ከእኛ ጋር እኩል ወለል ላይ ናቸው፣ አንድ ደረጃ እንኳ ከፍ አላሉም። ሲገናኙ ተጨባብጠው ይሳሳማሉ፣ ወንድ ከወንድ።

አንዱ የመዝሙር ቁጥር ጠራ። ሌላ ሽማግሌ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻውን ያዘና ሳበው፣ ሳበው፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ ገባበት። መጽሐፉ ኖታ የለውም፤ ግጥም ብቻ ነው፣ በጀርመንኛ። ዜማውን ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። አንዱን ስንኝ ለመጨረስ የሚፈጀው ጊዜ! እኛ ሦስት መዝሙር ዘምረን አንድ ጊዜ በዘለልን ነበር። ከኋላዬ አንድ ሕፃን አለቀሰ፤ እናቱ አልደነገጠችም፣ ማንም አልዞረም።

ለጸሎት ሲባል ሁሉም ተነሥቶ ወደ ኋላው ዞረና የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ተደፍቶ ተንበረከከ። እኔ ዘግይቼ ስዞር ከጎኔ ካለው ልጅ ጋር ተጋጨሁ። ድምፅ የለም። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል፣ ሁሉም ዝም። መጀመሪያ ማነው የሚጸልየው ብዬ ጠበቅሁ። የሚጸልይልኝ እንደሌለ የገባኝ ሲነሡ ነው። ጊዜው አልፎብኝ ነበር።

ዋናው ስብከት ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፣ ያለ ወረቀት፣ በፔንሲልቬኒያ ጀርመንኛ። አንድ ቃል አልገባኝም። ግን ሰውየው አልጮኸም። «አሜን በሉ» አላለም። ለጎረቤትህ እንዲህ በለው አላለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እኛን መሠረተ ክርስቶሶችን ያጠመቁን የሜኖናይት ሚሽን ሰዎች ከእነዚህ ከሆኑ፣ የእኛ የእሁድ አምልኮ ከየት መጣ? ደግሞ ምን ወርሰን ምን ጣልን? ለወቀሳ አይደለም፤ እኔ ራሴ ስድስት ዓመት ኪቦርድ የመታሁ ነኝ።

ጉድ_በል

ወንድሜ፣ የገለጽከው አምልኮ ሳይሆን ልቅሶ ቤት ነው፤ ያውም ንፍሮ የሌለው። ደግሞ እነዚህ አሚሾች አይደሉም እንዴ? ለምን ሌላ ስም ትሰጣቸዋለህ?

ላንካስተር_ነኝ

እዚህ ከተማ 14 ዓመት በነርስነት ስለሠራሁ ትንሽ ላስተካክል።

አሚሾች ሌላ ናቸው። ሁለቱም ከአናባፕቲስቶች ይመጣሉ፤ ማለትም ሕፃን አይጠመቅም፣ አምኖ የወሰነ ሰው ነው የሚጠመቀው ብለው በ1525 ዙሪክ ላይ ከተነሡት። በ1693 ያኮብ አማን የተባለው ሰው ተግሣጹ ላልቷል ብሎ ተከታዮቹን ይዞ ወጣ፤ አሚሽ የሚለው ስም ከእሱ ነው። በቀላሉ የምትለያቸው እንዲህ ነው፦ እዚህ ያሉት አሚሾች የጸሎት ቤት የላቸውም፣ በየተራ በየቤታቸው ያመልካሉ። የናዝሬቱ ልጅ ያያቸው የቀድሞ ሥርዓት ሜኖናይቶች ግን ቤት አላቸው። ብስክሌትም ይነዳሉ። ቤታቸው መብራትና ስልክ ይገባል፤ መኪና ግን የለም። ትራክተር ይፈቀዳል፤ ጎማው ግን ብረት መሆን አለበት፣ መንገድ ላይ እንደ መኪና እንዳይነዳ። የክፍሌ ሐኪም ይህን ስትሰማ «ይሄ ምን ሎጂክ ነው» አለች። ሎጂኩ ግልጽ ነው፤ ትራክተሩ እርሻ ላይ ይቅር፣ ሰው ከጎረቤቱ አይራቅ ነው።

ስለ ቀላልነቱ ደግሞ አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ሰላማዊ ስለሆኑ አይጣሉም ለምትሉ። በ1889 እዚሁ ካውንቲ ሊክቲ በሚባለው ቤታቸው አዲስ አትሮኖስ ተሠራ። ከዚያ በፊት ሰባኪው በተራ ገበታ ኋላ ነበር የሚቆመው። አንድ ሌሊት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ገብቶ አትሮኖሱን ነቅሎ ገበታውን መልሶ አቆመው! ጠብ፣ ምርመራ፣ መካሰስ። ለአንድ ሳጥን እንጨት ትላላችሁ። ለእነሱ ግን ነገሩ የእንጨት አልነበረም፤ ዛሬ ሰባኪው ከፍ ካለ ነገ ምን ይከተላል ነው። ክርክሩ ከሰንበት ትምህርት ቤትና ከእንግሊዝኛ ስብከት ጋር ተደማምሮ በ1893 ጳጳሳቸው ጆናስ ማርቲን የቀድሞውን ሥርዓት ከያዙት ጋር ወጣ። በ1927 ደግሞ በመኪና ምክንያት እነዚያው ለሁለት ተከፈሉ።

የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መኪና የፈቀዱትና ያልፈቀዱት እስካሁን ብዙዎቹን የጸሎት ቤቶች በጋራ ይጠቀማሉ። አንዱ እሁድ የሠረገላዎቹ፣ ቀጣዩ እሁድ የጥቁር መኪናዎቹ። እኛ ተጣልተን ስንለያይ ግን መጀመሪያ የምንጨቃጨቀው በቁልፉ ነው።

ጉድ_በል

ቁልፍ ብቻ? ማኅተሙ፣ የባንክ ደብተሩ፣ ሞንታርቦው! እኔ የማውቀው ቤት ሲከፈል ሚክሰሩ በታክሲ ተሸሽጎ ወጥቷል። እሺ፣ ጳጳስ ካላቸው ማነው የሚሾመው?

ላንካስተር_ነኝ

ዕጣ።

ጉድ_በል

ዕቁብ ነው እንዴ?

ላንካስተር_ነኝ

አትሳቅ። ሰባኪ ሲያስፈልግ ምእመኑ አንድ በአንድ ለመሪዎቹ በሹክሹክታ ስም ይጠቁማል። የተጠቆሙት ስንት ከሆኑ ያን ያህል የመዝሙር መጽሐፍ ገበታው ላይ ይደረደራል፤ በአንዱ ውስጥ ቁራጭ ወረቀት አለ። እያንዳንዱ አንድ ያነሣል። ወረቀቱ የወጣበት ሰው እዚያው በዚያው ይሾማል፣ ለዕድሜ ልክ። ደመወዝ የለ፣ ሴሚናሪ የለ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1፣ ማትያስ። አንዲት ታካሚዬ ባሏ የተመረጠ ቀን ቤተሰቡ እንደ መርዶ እንደተላቀሰ ነግራኛለች። ሥልጣን ሲመጣ የሚያለቅስ ሕዝብ!

ወለተ_ጽዮን

እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ክር ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ ካላላችሁ ልናገር።

የናዝሬቱ ልጅ፣ አንተ የጎደለውን ቆጠርክ እንጂ እኔ ያለው ነው የታየኝ። ወንድና ሴት ለየብቻ፣ ለየበሩ፤ ይሄ የእኛ ነው። ሴቷ ራሷን ተከናንባ፤ የእኛ ነው። ዲያቆኑ ተአምኁ በበይናቲክሙ ሲል እጅ እንነሣሣለን፤ እነሱ ከንፈር ላይ አደረሱት እንጂ ነገሩ አንድ ነው። እግር መተጣጠብ እንዳላቸውም አንብቤአለሁ፤ እኛ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ ያጥበናል። ረዥም መቆየት፣ ቋንቋው ለወጣቱ ሁሉ ግልጽ ያልሆነ ቅዳሴ፣ ከአባት ወደ ልጅ በቃል የሚተላለፍ ዜማ፣ የማይቸኩል! አንድ ፊደል መሳብ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ ያሬድን ስሙ።

ያልተስማማሁበት አለ። ሥዕልን አውጥቶ፣ ዕጣንን አውጥቶ፣ ጽናጽልን አውጥቶ «ቀላል» ማለት። ሰው ዓይንና አፍንጫ አለው። እኔ ልጅ ሆኜ እግዚአብሔርን ያወቅሁት በዕጣን ሽታ ነው፤ ሰዓሊው ዓይኗን ትልቅ አድርጎ በሣላት እመቤታችን ነው። ባዶ ግድግዳ ለአያቴ ምን ያስተምራታል? ማንበብ አትችልም።

የናዝሬቱ_ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ከባድ ነው። መልስ የለኝም፤ ያየሁትን ግን ልንገርሽ። ከጎኔ የነበረው ልጅ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ዙሪያውን የሚያየው ሥዕል የለውም። ሁለት ሰዓት ተኩል ያየው የነበረው የሰው ፊት ነው፤ ትይዩ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ፊት። ምናልባት ሥዕላቸው እሱ ይሆናል። ወይም ልጁ በጣም ሰልችቶት ነበር። ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም።

ድሬሰር_ናዝሬት

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ዕድሜዬ 87 ነው። ይህን ክር አንብባልኝ ሳቅሁም፣ ዝም ብዬም ተቀመጥሁ።

ልጆቼ፣ እነዚያን ቀላል ሰዎች እኛ አይተናቸዋል። ናዝሬት የመጡት ከዚያው ከላንካስተር ናቸው። ከጣሊያን ጦርነት በኋላ በእርዳታ ገቡ፤ ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የጥጥ ፋብሪካ ሆስፒታል አደረጉት፣ ኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል። እኔ እዚያ ነው ድሬሰርነት የተማርሁት።

መጀመሪያ የገረመን ልብሳቸው ነው። ከዚያ በፊት የምናውቀው ፈረንጅ ክራባትና ሽጉጥ ያለው ነው። እነዚህ ክራባት አያስሩም። ኮታቸው የሚገለበጥ ኮሌታ የለውም፣ አንገት ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የእኛ ቄስ እጀ ጠባብ መሰለን። ሴቶቹ እንደ ወንፊት የሚያሳይ ነጭ ስስ ቆብ ጸጉራቸው ላይ ያደርጋሉ። በሽተኛው ሁሉ «እማሆይ» ይላቸው ነበር። አንዷ እማሆይ አራተኛ ልጅ ሲወልዱ አንዲት የቦሰት ባልቴት «ይሄስ ምን ዓይነት ምንኩስና ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስትዘምሩ ምን ነበራችሁ ትል እንደሆነ፣ የናዝሬቱ ልጅ፤ አፋችን ብቻ። የላንካስተር ሰዎች በዚያ ዘመን ለአምልኮ መሣሪያ አይፈቅዱም ነበር። አንዱ ሚስዮናዊ ኪሱ ውስጥ ክብ ትንሽ ፊሽካ ነበረችው። እፍ ይላትና ድምፁን ይሰጠናል፤ ከዚያ በአራት ድምፅ ከፍሎ ያስተምረናል። ባስ እኔ ነበርሁ። የኢትዮጵያ ሰው በአራት ድምፅ ማስዘመር ሥራ ነው! እያንዳንዱ ወደ ጎረቤቱ ይሳባል። ቅጥ ያገኘን ዕለት ሰውየው ፊሽካዋን ኪሱ ከቶ ዝም ብሎ ያዳምጠን ነበር።

የመጀመሪያዎቹ አማኞች በ1943 ዓ.ም. ተጠመቁ። በኋላ ቤተክርስቲያኒቱ የራሷን ስም ስትይዝ መሠረተ ክርስቶስ ተባለች፣ ከ1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11። ከዚያ ወጣቶቹ መጡ፤ ሰማየ ብርሃን የሚባሉት የናዝሬት ተማሪዎች። እሳት ነበሩ። ጭብጨባው፣ እልልታው፣ ጮክ ያለው ጸሎት የገባው በእነሱ ነው እንጂ ከፈረንጅ አይደለም። አንዳንዱ ሚስዮናዊ ሲደነግጥ አይቻለሁ፣ በደጅ ሲወጣም። ግን አላባረሯቸውም። ስለዚህ «ከየት መጣ» ላልከው፣ ከልጆቻችን መጣ። እልልታ እኮ የናዝሬት ሰው ከእናቱ ማኅፀን ይዞት ይወጣል።

ሌላ ላውራህና ላብቃ። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤቶቻችንን ዘጋ፣ ንብረቱን ወረሰ፣ መሪዎቻችንን ለዓመታት አሰረ። ያኔ አምስት ያህል ሰው በአንድ ቤት እንገናኛለን፣ ከዚያ አንበልጥም። ረከቦት ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ ቀበሌ ቢመጣ ቡና እየጠጣን ነው። መዝሙሩን በከንፈር ነበር የምንለው። ባስ የነበርሁት ሰው ትንፋሽ ሆንሁ። ያን ጊዜ ነው የፈረንጆቹ ነገር የገባኝ። መድረክ አያስፈልግም፣ ሰባኪ የሚለይበት ልብስ አያስፈልግም፣ ለካስ ይቻላል አልን። የባልደረባችን ሚስት ትመራን ነበር፤ ሲኒ እያጠበች። ስንገባ 5 ሺህ ያህል ነበርን፤ ደርግ ሲወድቅ ከ34 ሺህ በላይ ሆነን ወጣን። እኔ የቆጠርሁት አይደለም፣ ቤተክርስቲያኒቱ ናት የቆጠረችው።

የልጅ ልጄ ደክሟታል። ደህና እደሩ።

የናዝሬቱ_ልጅ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርዎት። ያቺን ፊሽካ ከእንግዲህ አልረሳትም። ሆስፒታሉ ውስጥ አያቴ አምስቱን ልጆቿን ወልዳለች፤ ምናልባት ያውቋት ይሆናል። በውስጥ መስመር እጽፍልዎታለሁ።

አምስተል_ዳር

ከአምስተርዳም ነኝ። ሁላችሁም ሜኖናይት ማለት ቀላል ማለት አድርጋችሁ ስታወሩ የእኔ ከተማ ሰዎች ቢሰሙ ይስቃሉ።

እዚህ ሲንገል በሚባለው ቦይ ዳር፣ በ1608 የተሠራ ቤተክርስቲያናቸው አለ። ከመንገድ ብትፈልጉት አታገኙትም፤ የቤቶች ረድፍ ነው። ገብታችሁ ወደ ኋላ ስትዘልቁ ነው ሰፊ አዳራሽ፣ ዙሪያውን ሰገነት ያለው፣ ድንገት የሚከፈትላችሁ። በዚያ ዘመን ከመንግሥቱ ቤተክርስቲያን ውጭ ያሉት ማምለክ ይችሉ ነበር፣ ብቻ ከውጭ ቤተክርስቲያን መምሰል የለበትም። ደወል፣ ግንብ፣ መስቀል የለም። እንግዲህ አስቡት፤ የጀርመንታውኑ ቤት መስቀል የሌለው በእምነት ብቻ ነው ወይስ አባቶቻቸው መደበቅ ስለለመዱም ጭምር? ከዚያ በፊት ለነበረው ትውልድማ መደበቅ የሞት ሽረት ነበር። ከአናባፕቲስቶቹ መሪዎች አንዱን፣ ፌሊክስ ማንዝን፣ በ1527 ዙሪክ ላይ ወንዝ ውስጥ ከነነፍሱ አሰጠሙት። ደግመህ ማጥመቅ ትወዳለህ አይደል፣ እንካ ውኃ እንደማለት። አሚሾች ዛሬም ከሚዘምሩት መጽሐፍ የጥንቶቹ መዝሙሮች በጀርመኗ ፓሳው እስር ቤት ውስጥ የተደረሱ ናቸው፤ አባባ ድሬሰር በከንፈር ዘመርን ሲሉ ያ ነው ትዝ ያለኝ።

ታዲያ ስደቱ ሲያበቃ ምን ሆኑ? ሀብታም ነጋዴዎች ሆኑ። ሰባኪያቸው አንስሎን በ1641 ዝነኛው ሠዓሊ ሬምብራንት ነው የሣለው። ልብሱ ጥቁር ነው፣ አዎ፣ ግን በእንስሳ ጸጉር የተዋበ ምርጥ ጥቁር ነው። ጥቁር መልበስም ሊወደድ ይችላል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ኦርጋን አስገቡ። በ1911 አና ዘርኒኬን ሾሙ፤ በሆላንድ አብያተ ክርስቲያናት የመጀመሪያዋ ሴት ቄስ ናት። ባለፈው ዓመት ለአንድ እሁድ ገብቼ ነበር፤ ወደ አርባ ሰው፣ አብዛኛው ሽበታም፣ ኦርጋኑ ግሩም፣ ቡናው ቀጭን።

አንድ ነገር ደግሞ። ያ የመሠረተ ክርስቶስ ጥቅስ፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥11፣ ሜኖ ሲሞንስ በመጽሐፎቹ ሁሉ የርዕስ ገጽ ላይ ያሳትመው የነበረው ጥቅስ ነው። ሜኖ በ1536 ክህነቱን ትቶ የወጣ የፍሪስላንድ ቄስ ነው፤ ስማቸው ከእሱ ነው። የሆላንዶቹ ራሳቸውን በስሙ አይጠሩም። ናዝሬት ላይ ስሙን ጥለው ጥቅሱን ያዙ ማለት ነው።

ወለተ_ጽዮን

አምስተል፣ «ጥቁር መልበስም ሊወደድ ይችላል» ያልከውን ወደድኩት። የእኛም ነጠላ «ቀላል ነው» እየተባለ ጥበቡ ስንት እንደገባ ገበያ ሄዳችሁ እዩ። ለአባባ ደግሞ፦ እናንተን ያሰረ መንግሥት የእኛንም ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ገድሏል። ቡናውን እናውቀዋለን።

ጉድ_በል

እሺ ሁሉም አለቀሰ፤ እኔ ደግሞ አቧራ ላስነሣ። ሰላማውያን ናችሁ፣ መሣሪያ አታነሡም። የጀርመንታውንን ታሪክ ሳገላብጥ በጥቅምት 1777 ጦርነት የእንግሊዙ ጄኔራል አግኒው የተገደለው ከሜኖናይቱ መካነ መቃብር ግንብ ጀርባ በተተኮሰ ጥይት ነው ይላል። የናዝሬቱ ልጅ፣ ይህን ሲያስጎበኙህ ነገሩህ ወይስ ዘለሉት?

የናዝሬቱ_ልጅ

ነግረውኛል፤ ያውም ግንቡ ጋ አቁመው። «ተኳሹ የእኛ ሰው አይደለም፤ ግንቡ ግን የእኛ ነው» ነው ያሉኝ። ከዚያ በላይ አላብራሩም፣ ወደ ቀጣዩ መቃብር አለፍን።

አዳማ_ፖስታ_ቤት

ከአገር ቤት ልግባ። ክሩን ሳነብ ነበር፤ እሁድ በእኛ አጥቢያ የሆነውን ልንገራችሁ።

መዘምራኑ ቆመዋል፣ ሁለተኛው መዝሙር መሀል ላይ መብራት ሄደ። ሞንታርቦው ጭጭ። ኪቦርዱ ጭጭ። ጥበቃው ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠ፤ ገመዱ ሲጎተት ይሰማል፣ ኩርር ይልና ይሞታል። መሪዋ ማይኩን ይዛ ቆማ ቀረች፤ ማይኩ እንደማይሠራ እያወቀች ከአፏ አላራቀችውም። ከሴቶቹ በኩል አንዲት እናት ቀጠሉት። ቀስ ብለው፣ ከመዝሙሩ ፍጥነት በግማሽ። ከዚያ ሁሉም ገባ። ለካስ ከጎኔ የሚቀመጠው ሰውዬ ድምፅ አለው፤ አራት ዓመት አብሬው ስቀመጥ ሰምቼው አላውቅም። የጣሪያው ቆርቆሮ ሲነጥር እንኳ ይሰማ ነበር።

ጉድ_በል

እና ምን ተባለ? ፓስተሩ ከእንግዲህ እንዲህ እናድርግ አሉ?

አዳማ_ፖስታ_ቤት

የለም። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ መብራቱ መጣ። ሞንታርቦው ሲነሣ «ጧ» ብሎ ሁላችንንም አስደነገጠን፣ ኪቦርዱ ከራሱ ቁልፍ ገባ፣ እሳቸው ከያዙት ዜማ ሁለት ድምፅ ከፍ ብሎ። እናትዬዋ ለጥቂት ስንኝ ሊከተሉት ሞከሩ፤ አልደረሱበትም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።